«ከሲጋራ ይሻላል» — ለማን?

«ቬፕ እኮ ከሲጋራ ይሻላል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ አገር ዞራለች። ለንደን ውስጥ ሐኪም ለታካሚው ይናገራታል። ዱባይ ውስጥ ሻጭ ለገዢው ይናገራታል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የማንጎ ሽታ ያለው ነጭ ተን ከአፉ የሚያወጣ ወጣት «አንዴ ሞክረው» እያለ ለጓደኛው ይናገራታል። የሦስቱም ቃል አንድ ነው፤ ጉዳዩ ግን አንድ አይደለም። የለንደኑ ታካሚ ሃያ ዓመት ያጨሰ ሰው ነው። የአዲስ አበባው ጓደኛ ግን በሕይወቱ አንድ ሲጋራ ለኩሶ የማያውቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለእሱ «ከሲጋራ ይሻላል» ማለት ምን ማለት ነው? ከማያጨሰው ሲጋራ ጋር ምን አነጻጸረው?

በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ላይ ያለው ክርክር በሐኪሞችና በትምባሆ ነጋዴዎች መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እዚህ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጋራን ሲታገሉ የኖሩ የጤና ሰዎች ናቸው እርስ በርስ የተለያዩት። ግማሾቹ «ይህ መሣሪያ ሚሊዮኖችን ያድናል» ይላሉ። ግማሾቹ «አዲስ የሱሰኛ ትውልድ እየፈጠረ ነው» ይላሉ። የሚገርመው ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ሁለቱም እውነት የሚሉበትን ምክንያት ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ነገሩ የጀመረው ከአንድ አጫሽ ነው

ሖን ሊክ በቻይናዋ ሼንያንግ ከተማ የሚሠሩ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ። አባታቸው ብርቱ አጫሽ ነበሩ፤ በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ልጅየውም አጫሽ ነበሩ። ለማቆም ብለው ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ልጥፍ ሞከሩ። ማታ ሳያነሡት ሲተኙ ቅዠት አመጣባቸው እንጂ ሱሱን አላስለቀቃቸውም። በ2003 ገደማ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ ኃይል ወደ ተን የሚለውጥ መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ ቬፕ የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው።

ሐሳቡ ውኃ የሚያነሣ ነበር። ሲጋራ ላይ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል ገና በ1976 ሰዎች የሚያጨሱት ኒኮቲኑን ፈልገው፣ የሚሞቱት ግን በታሩ መሆኑን ጽፈው ነበር። ታር ማለት የአጫሽን ጣትና ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሳንባ ላይ የሚቀመጠው ጥቁር ዝቃጭ ነው። ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለው እሳት ከ800 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ይደርሳል። ከዚያ ቃጠሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል።

ቬፕ አያቃጥልም፤ ያሞቃል። ስለዚህ የጭሱ መርዝ አብዛኛው የለም። ይህ ማለት ግን የሚሳበው ነገር የውኃ እንፋሎት ነው ማለት አይደለም። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ኬሚካሎች፣ ማጣፈጫዎችና ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን አሉ። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲሞቅ እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ ጎጂ ነገሮች ይፈጠራሉ። ከማሞቂያው ሽቦ የሚወጡ የብረት ቅንጣቶችም ወደ ሳንባ ይገባሉ። አንዳንዶቹ ማጣፈጫዎች በምግብነት ሲበሉ ችግር የለባቸውም፤ ሆድ ግን ሌላ፣ ሳንባ ሌላ ነው። ደግሞም ምርቱ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ሲጋራ ካንሰር የሚያመጣው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከተጨሰ በኋላ መሆኑ ሲታሰብ፣ በ15 ዓመቱ ቬፕ የጀመረ ልጅ በ55 ዓመቱ ምን እንደሚሆን አይቶ የሚናገር ሐኪም ዛሬ የለም።

የሖን ሊክ መጨረሻም የዚህን ክርክር መልክ ያሳያል። በ2013 የፈጠራቸው መብት ኢምፔሪያል ቶባኮ በሚባለው ትልቅ የሲጋራ ኩባንያ በ75 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። ፈጣሪውም ለዚያው ኩባንያ አማካሪ ሆኑ። በ2015 በወጣ ቃለ ምልልስ ደግሞ ራሳቸው ቬፑንም ሲጋራውንም እንደሚጠቀሙ ተናገሩ። ሲጋራን ሊገድል የመጣው መሣሪያ ከሲጋራ ነጋዴው እጅ ገባ፤ ፈጣሪውንም ከሲጋራ ፈጽሞ አላላቀቃቸውም።

🔹 እንግሊዝ ያየችው

በእንግሊዝ በ1974 ከአዋቂው ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው አጫሽ ነበር። ዛሬም የሚያጨሱት ሚሊዮኖች ናቸው፤ ማጨሱም በድሆችና የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል። እንዲህ ላለ አገር ጥያቄው «ይህን ሁሉ አጫሽ በምን እናድነው?» የሚል ነው።

በ2015 የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም ቬፕ ከሲጋራ 95 በመቶ ያህል ያነሰ ጉዳት አለው ሲል አወጀ። ቁጥሩ በዓለም ተሰራጨ። ከየት እንደመጣ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በላብራቶሪ ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን፣ የባለሙያዎች ቡድን ተሰብስቦ 12 የኒኮቲን ምርቶችን በ14 መመዘኛዎች በግምት ነጥብ የሰጠበት ሥራ ነበር። ዘ ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ወዲያው «መሠረቱ ደካማ ነው» ብሎ ተቸው። ቁጥሩ ቢያጠራጥርም አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፤ የሚያጨስ ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ ቬፕ ቢዞር ሰውነቱ የሚገባው መርዝ በእጅጉ እንደሚቀንስ በቬፕ የማይስማሙ ሐኪሞችም ብዙም አይክዱትም።

ለማቆም ይረዳል ወይ? ይረዳል። በ2019 በእንግሊዝ 886 አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ግማሾቹ ቬፕ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ እንደ ልጥፍና ማስቲካ ያለ የተለመደ የኒኮቲን ምትክ ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ሲጋራ ያቆሙት ከቬፖቹ 18 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.9 በመቶ ነበሩ። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። በ2023 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ በነጻ አድላለሁ እስከማለት የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን የዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይነሣም። በቬፕ ከሲጋራ ከተላቀቁት ውስጥ ከዓመት በኋላ 80 በመቶው አሁንም ቬፕ ይስቡ ነበር። በልጥፍና በማስቲካ ካቆሙት ግን ያንኑ ምትክ እስከዚያ የተጠቀሙት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሲጋራውን ትተዋል፤ ኒኮቲኑን ግን አልተዉም። ሃያ ዓመት ላጨሰ ሰው ይህ ትልቅ ድል ነው። ጨርሶ ላላጨሰ ልጅ ግን አዲስ ባርነት ነው።

እንግሊዝም ይህን ሳትከፍል አላለፈችም። ከ2021 ወዲህ ባለ ደማቅ ቀለም፣ የከረሜላ ጣዕም ያላቸው፣ ተስበው የሚጣሉ ርካሽ ቬፖች ሱቆቹን አጥለቀለቁ። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 15 ከሆኑ ተማሪዎች ቬፕ የሚስቡት በ2018 ከነበረበት 6 በመቶ በ2021 ወደ 9 በመቶ ከፍ አሉ። የአገሪቱ ዋና የሕክምና መኮንን ክሪስ ዊቲ በ2023 ነገሩን ቁልጭ አድርገው አስቀመጡት፦ የምታጨሱ ከሆነ ቬፕ በጣም ይሻላል፤ የማታጨሱ ከሆነ አትንኩት፤ ለልጆች ማሻሻጥ ደግሞ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም። በጁን 2025 እነዚያ ተስበው የሚጣሉ ቬፖች ሽያጫቸው ታገደ።

🔹 አሜሪካ ያየችው

ከአትላንቲክ ማዶ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ጁል የተባለው ቬፕ በ2015 ገበያ ላይ ዋለ። የፈጠሩት ሁለት የቀድሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነሱም አጫሾች ነበሩ፤ ዓላማችን አጫሾችን ማዳን ነው ይሉ ነበር። መሣሪያው የኮምፒውተር ፍላሽ ይመስላል፤ እጅ ውስጥ ይደበቃል። በአውሮፓ ሕግ የተፈቀደው የኒኮቲን መጠን በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ የአሜሪካው ጁል ግን 59 ያህል ነበረው። ኒኮቲኑ ጉሮሮ እንዳይቧጥጥ በጨው መልክ ስለተዘጋጀ ለጀማሪ አይከብድም። የሲጋራን የመጀመሪያ ሳል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያ ሳል ሰውነት «አቁም» የሚልበት ነበር፤ ጁል እሱን አነሣው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያቸው ደግሞ ሳንባው የታመመ የ50 ዓመት አጫሽ አልነበረበትም፤ የሚደንሱ ወጣት ሞዴሎች ነበሩበት። በ2018 የአገሪቱ ዋና የጤና ኃላፊ ጀሮም አዳምስ የወጣቶች ቬፕ ወረርሽኝ ሆኗል ሲሉ አወጁ። በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ባለፉት 30 ቀናት ቬፕ ስበናል ብለው ነበር። ከአራት ተማሪ አንዱ ማለት ነው። ትልቁ የሲጋራ ኩባንያ አልትሪያ በ2018 መጨረሻ ለጁል 35 በመቶ ድርሻ 12.8 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ጁል በኋላ ጥፋቱን ሳያምን የግዛቶችን ክስ ለመጨረስ በ2022 438.5 ሚሊዮን፣ በ2023 ደግሞ 462 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚህ መሀል በ2019 ሌላ ድንጋጤ መጣ። ቬፕ የሳቡ ወጣቶች ሳንባቸው ተቃጥሎ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው 68ቱ ሞቱ። ብዙ ሰው ዛሬም «ቬፕ ሳንባ ያፈነዳል» የሚለው ከዚያ ወሬ ተነሥቶ ነው። ምርመራው ግን በዋናነት ያገኘው ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች በጥቁር ገበያ የተሸጠ፣ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበትና ለማወፈር የቫይታሚን ኢ ቅባት የተጨመረበት ፈሳሽ የሳቡ ነበሩ። ይህን መናገር ለቬፕ መቆርቆር አይደለም። እውነት ካልተነገረ ቀጥሎ የሚነገረውን እውነት የሚያምን አይኖርምና ነው። ደግሞም ከዚህ የሚወጣ ሌላ ትምህርት አለ፦ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፈሳሽ ከታወቀው ይብሳል።

አሜሪካ ከዚያ በኋላ የመግዣ ዕድሜን ወደ 21 ከፍ አደረገች፤ ጣዕሞችን ገደበች። በ2024 ቬፕ የሚስቡት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ 7.8 በመቶ ወረዱ። ቁጥጥር ይሠራል ማለት ነው፤ ግን አንድ ትውልድ ከተነካካ በኋላ ነው የሠራው።

🔹 አለማመኑ ከየት መጣ?

«ታዲያ የትምባሆ ኩባንያዎች ራሳቸው ከጭስ ወደሌለው ምርት እየዞሩ ከሆነ ምን አለበት?» የሚል አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው መልሱ።

በ1950ዎቹ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲታወቅ ኩባንያዎቹ መልስ ነበራቸው፦ ፊልተር። ኬንት የተባለው ሲጋራ ከ1952 ጀምሮ «ጤናን የሚጠብቅ» ፊልተር ይዞ ወጣ። ፊልተሩ የተሠራው ከአስቤስቶስ ነበር፤ ራሱ ካንሰር ከሚያመጣ ማዕድን። ቀጥሎ «ላይት» መጣ። አጫሹ ቀለል ያለውን ገዛሁ ብሎ ሲጋራውን ጠልቆ ሳበው፤ ተጨማሪም አጨሰ። በ2006 አንዲት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ኩባንያዎቹ በዚህና በሌላውም ሕዝቡን ለዐሥርት ዓመታት ማታለላቸውን ፈረዱ።

ዛሬ ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል «ከጭስ ነጻ የሆነ ዓለም» እያለ ይሰብካል። በ2017 ለዚሁ ለተቋቋመ ድርጅት በ12 ዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመስጠት ቃል ገባ። ድርጅቱን የመሩት ዴሪክ ያች ቀድሞ በዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነቱ እንዲወለድ ከደከሙት አንዱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከድርጅቱ ጋር አልሠራም አለ። በ2021 ያው ኩባንያ በአፍ የሚሳቡ የሳንባ መድኃኒቶችን የሚሠራ የእንግሊዝ ድርጅት ገዛ። ሲጋራውን ሸጦ ሳንባውን ያሳመመ፣ መድኃኒቱንም ሊሸጥ መጣ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

🔹 የከለከሉትስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ እንዳለው 34 አገሮች የቬፕ ሽያጭን ከልክለዋል፤ 74 አገሮች ደግሞ ምንም ሕግ የላቸውም። ብራዚል በ2009፣ ሕንድ በ2019 ከለከሉ። ግን አንድ ነገር ዓይን ይስባል፦ ቬፕ በተከለከለባቸው አገሮች ገዳዩ ሲጋራ በየሱቁ እንደልብ ይሸጣል። ሕንድ ውስጥ የመንግሥት የሆነው የመድን ድርጅት በአገሪቱ ትልቁ የሲጋራ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ አለው። «ከልካዩ ለሕዝብ ጤና አስቦ ነው ወይስ ለገቢው?» የሚሉ ተቺዎች የሚነሡት ከዚህ ነው።

ኒው ዚላንድ ግን ሌላ መንገድ ሄዳለች። ለአዋቂዎች ፈቀደች። በየቀኑ የሚያጨሱት በ2011/12 ከነበረበት 16.4 በመቶ በ2022/23 ወደ 6.8 በመቶ ወረዱ። በየቀኑ ቬፕ የሚስቡት ደግሞ 9.7 በመቶ ደረሱ። ይህ ድል ነው ወይስ ሽንፈት? ከአጫሹ አልጋ አጠገብ ሆኖ ለሚያየው ድል ነው። ከትምህርት ቤት በር ላይ ሆኖ ለሚያየው ሽንፈት ነው።

🔹 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

አሁን ያቺ ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ስትገባ ምን እንደምትሆን ማየት ይቻላል።

በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 5 በመቶ ናቸው። ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። በቁጥር 3.4 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ይህ በዓለም ላይ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

እንግዲህ መቶ ሰው ይታሰብ። አምስቱ ትምባሆ ይጠቀማሉ፤ ዘጠና አምስቱ አይጠቀሙም። ቬፕ ቢፈቀድና አምስቱም ቢሞክሩት፣ በእንግሊዙ ጥናት ልክ ቢሳካላቸው አንዱ ሲጋራ ይተዋል። ከዘጠና አምስቱ ግን ከሃያ አንዱ ብቻ ቢጀምር አምስት ሰው አዲስ ሱስ ይይዛል። ይህ ትንበያ ሳይሆን ምሳሌ ነው። ግን የእንግሊዝ መልስ ለኢትዮጵያ ለምን እንደማይሆን ያሳያል። እዚያ ንጽጽሩ ቬፕ ከሲጋራ ጋር ነው። እዚህ ለአብዛኛው ሰው ንጽጽሩ ቬፕ ከንጹሕ አየር ጋር ነው።

ለመሆኑ አገሪቱ ይህን ያህል ዝቅተኛ ቁጥር እንዴት ያዘች? ሕግ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ የቅርብ ጊዜ ነው። ሃይማኖትና ነውር ናቸው ትልቁን ሥራ የሠሩት። ብዙ አጫሽ ዛሬም አባቱን መንገድ ላይ ሲያይ ሲጋራውን ይጥላል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ልጅ ወልዶ፣ እናቱ ቤት ሲገባ ከመግባቱ በፊት ማስቲካ ያኝካል። ሽታው ራሱ ዘበኛ ነበር። እናት ጃኬት ስታጥብ ትደርስበታለች፤ ጎረቤት ይሸተዋል፤ መምህር ያውቃል። ሲጋራ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ተደብቆ ለመኖር ይቸገራል።

ቬፕ ያን ዘበኛ ያስተኛዋል። ሽታው ማንጎ ነው፣ እንጆሪ ነው፣ ሚንት ነው፤ ቶሎም ይጠፋል። መሣሪያው እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ ይመስላል። እናት ኪስ ውስጥ ብታገኘው የኮምፒውተር ዕቃ ነው ብላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥለታለች። ሲጋራ ላይ የነበረው ነውርም አብሮት አልመጣም፤ ይልቅ ከውጭ የመጣ፣ ዘመናዊ፣ የደላው ሰው ዕቃ ሆኖ ነው የገባው። አውሮፓና አሜሪካ ክርክራቸው ላይ ይህን አያነሡትም፤ የእነሱ አጫሽ ከእናቱ የሚደበቅበት ዘመን አልፏል። ለኢትዮጵያ ግን ምናልባት ከኬሚካሉ እኩል የሚያሳስበው ይህ ነው።

🔹 ሕጉ አለ፤ ከዚያስ?

ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ጥያቄው በሕግ ተመልሷል። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብዙዎች የሚያስታውሱት የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ስላወረደ ነው። ያው አዋጅ ግን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን መሸጥ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ አድርጓል፤ በፓኬቱ ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ አዟል።

የሚገርመው አጋጣሚ፣ አዲስ አበባ በፌብሩዋሪ 2019 ስትከለክል የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በዚያው ዓመት በአፕሪል ፈቀደች። ከዱባይ ቦሌ አራት ሰዓት በረራ ነው። ስልክ፣ ሽቶና ልብስ በሻንጣ በሚመጣበት መንገድ ቬፕም ይመጣል። የሚሸጠውም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ሺሻ ተከልክሎ በየጓዳው እንደቀጠለ የሚያውቅ ሰው፣ ከሺሻ ዕቃ መቶ ጊዜ የሚያንሰው መሣሪያ በአዋጅ ብቻ ይቆማል ብሎ አይጠብቅም።

ክልከላው ይነሣ ማለት ግን አይደለም። ለዚህች አገር ክልከላው ትክክል ነው። ግን ሕጉን ደግፎ ዝም ማለት የሚያስረሳቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱም 3.4 ሚሊዮኑ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ቬፕ የሚስበውን ወጣት አይመስሉም። ሌሊት በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። የረዥም መንገድ ሾፌር ነው። ከጫት ጋር የለመደው የቀን ሠራተኛ ነው። ፓኬት የሚገዛ አቅም ስለሌለው ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ገዝቶ በሻጩ ላይተር የሚለኩስ ሰው ነው። ቬፕ አዲስ አበባ የገባው ለእሱ አይደለም፤ ዋጋውም የእሱ አይደለም። «አጫሹን ያድናል» የተባለው መሣሪያ ለማዳን ከመጣለት ሰው ጋር ጨርሶ አልተገናኘም፤ የተገናኘው ካልታመመው ጋር ነው።

ለዘበኛውስ ምን ቀረበለት? የኒኮቲን ልጥፍና ማስቲካ ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በወረዳ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ሲጋራ ማቆም አቅቶኛል» ለሚል ሰው ግን በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው «ተው» የሚል ምክር ነው። «ተው» ማለትማ ሚስቱም ብላዋለች።

በሌላ በኩል መንግሥት የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን አብዛኛውን ድርሻ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ሸጧል፤ በ2016 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመት 31 በመቶ ገደማውን በ434 ሚሊዮን ዶላር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ እና በፓኬት 8 ብር ጣለ። ከአጫሹ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ የሲጋራ ዋጋ ሲወደድ የሚጀምረው ይቀንሳል። ግን ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ተመልሶ ማቆም ለሚፈልገው አጫሽ መድኃኒት ቢሆን ማን ይቃወማል? ቬፕን ከልክሎ ሌላ የመውጫ በር አለመክፈት፣ አጫሹን ከሲጋራው ጋር ቆልፎበት መሄድ ነው።

🔹 ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁጥጥሩ ሻጩ ላይ ይሁን። ኪሱ ውስጥ ቬፕ የተገኘበትን ተማሪ ማሰርና ማዋረድ ማንንም አያድንም። ሱስ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪምና ወላጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ወላጅና መምህር ዕቃውን ይወቁት። ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሸት፣ እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ። ያላወቁትን ነገር መቆጣጠር አይቻልም።

ሦስተኛ፣ እውነቱ ይነገር። «ቬፕ ከሲጋራ እኩል ነው» ወይም «ይብሳል» ማለት ለመልካም ቢታሰብም ጉዳት አለው። ውጭ አገር ቆይቶ በቬፕ ሲጋራ የተወ ሰው ይህን ሰምቶ «ካልሆነማ» ብሎ ወደ ሲጋራው ቢመለስ ኃላፊነቱ የተናጋሪው ነው።

አራተኛ፣ ማቆም የሚፈልግ አጫሽ የሚረዳበት ነገር በጤና ጣቢያ ይኑር። ልጥፉ፣ ማስቲካው፣ እና ዐሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሰው።

እስከዚያው ድረስ «ቬፕ ከሲጋራ ይሻላል» ለሚል ሰው መልሱ ረዥም መሆን የለበትም። «አንተ ታጨሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አዎ ካለ፣ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቀጥሎ የሚወራው ሁለቱንም እንዴት እንደሚተው ነው። አላጨስም ካለ ግን ነገሩ ለእሱ አልተባለም። ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው ከምንም አያመልጥም፤ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም።